የደረቀ የመሰለሽን ዛፍ ከማስቆረጥሽ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ጋሼ እንደምን አሉ። 33 አመቴ ነው፣ ትዳሬ ፈርሶ ከአዲስ አበባ ባህርዳር እናቴ ቤት ከተመለስኩ 7 ወር ሆነኝ፣ 7 ወር ሙሉ ምንም አልሰራሁም። አባቴ በህይወት እያለ የተከለው ጃካራንዳ በራችን ላይ አለ፣ ከጥር ጀምሮ ቅጠሉ ሙልጭ ብሎ ረገፈ፣ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣዋለሁ፣ ምንም ለውጥ የለውም። እናቴ ደርቋል እናስቆርጠው እያለች ነው። ሰው ሁሉ ደግሞ አይዞሽ፣ ዛፍ በፀደይ ይታደስ የለ ወይ፣ አንቺም ትታደሻለሽ ይለኛል። ፀደይ ማለት መስከረም አይደል እንዴ? መስከረም መጣ ሄደ፣ እኔ ምንም አልታደስኩም። እርስዎ የዛፍ ባለሙያ ስለሆኑ ነው የምጠይቅዎት፣ ዛፍ እውነት ምን ሆኖ ነው የሚታደሰው? ለሰውስ ይሰራል ወይስ እንዲሁ ለማፅናናት የሚባል ነገር ነው?"

እሺ የኔ እህት፣ ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። አንዱ የዛፉ ነው አንዱ የራስሽ ነው፣ ግን አንድ ላይ አድርገሽ ስለጠየቅሽኝ እኔም አንድ ላይ ልመልስልሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

ከአስቸኳዩ ልጀምር። ዛፉን እንዳታስቆርጡት። ለእማማም ከሰላምታ ጋር ንገሪልኝ፣ ጃካራንዳ የካቲት ላይ እርቃኑን ቢቆም ባህሪው ነው። ማንንም ሳትጠይቂ ራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ፦ እርሳስ የምታክል ቅርንጫፍ ያዢና ቅርፊቷን በአውራ ጣትሽ ጥፍር ፋቅ አድርጊያት፣ በጣም ስስ አድርገሽ፣ ላይዋ ላይ ያለውን ግራጫ ቆዳ ብቻ። ከስሩ እርጥብ ያለ አረንጓዴ ካየሽ ህይወት አለው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ደግሞ እዛች ቦታ ላይ ሞቷል ማለት ነው እንጂ ዛፉ በሙሉ ሞቷል ማለት አይደለም፣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግንዱ ጠጋ በይና ደግመሽ ፋቂ፣ እንደዛ እያልሽ ውረጂ። ቅርንጫፏን ቀስ አድርጎ ማጉበጥም ያሳያል፣ ህያው ከሆነች ትለመጣለች፣ የሞተች ከሆነች ቀጭ ብላ ትሰበራለች።

ይሄን የጥፍር ነገር ትምህርት ቤት አይደለም የተማርኩት። ስራ እንደጀመርኩ፣ ገና ልጅ ነኝ፣ ጣና ዳር አንድ ችግኝ ጣቢያ ተመደብኩ። የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ 3 ሳምንት ገደማ ውሃ ሳያገኝ የቆየ አንድ መደብ የዋንዛ ችግኝ ነበር፣ ቅጠሉ ረግፎ ጭራሮ መስሎ ቆሟል። እኔም ፎርሙ ላይ "ሞቷል" ብዬ ሞላሁና ቀን ሰራተኞቹን ጠርቼ አውጥተው እንዲጥሉት አዘዝኩ። ግማሹ ከተጣለ በኋላ የጣቢያው ዘበኛ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ከክምሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አንዱን ችግኝ አነሱና በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አፍንጫዬ ስር አመጡት። አረንጓዴ ነው። ልክ የጤናዳም ግንድ ስትሰብሪው ያለው አይነት አረንጓዴ፣ እርጥበቱ ጣታቸው ላይ ያበራል። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ተኝቶ ነው" አሉኝ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ያልተጣለውን ግማሽ ውሃ ሰጥተን ጥላ አደረግንለት፣ ወር ሳይሞላው ቅጠል አወጣ። የጣልነው ግን ስሩ ለፀሀይ ተጋልጦ ስለዋለ አልተረፈም። እኔ እስከዛሬ ብዙ ዛፍ ተክያለሁ፣ ያ ክምር ግን ከአይኔ አልጠፋም፣ ምክንያቱም ድርቁ አልነበረም የገደለው፣ የኔ ችኮላ ነው።

አሁን ወደ ፀደይ እንምጣ። "መስከረም መጣ ሄደ፣ እኔ ምንም አልታደስኩም" ያልሽው ነገር ልቤን ነክቶታል፣ ግን ደግሞ ቀጠሮው የተሳሳተ ነበር። በቤተክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ብታዪ ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ያለው መፀው ነው የሚባለው፣ ከዛ እስከ መጋቢት 25 በጋ ነው፣ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፣ ከዛ ክረምት ይገባል። በሬድዮም በቲቪም መስከረምን ፀደይ ሲሉት ስለምንሰማ፣ አደይ አበባውም ስላለ፣ ከመስከረም 26 እስከ ህዳር 5 ደግሞ ዘመነ ፅጌ ስለሆነ፣ ሁላችንም መታደስን ከመስከረም ጋር አያይዘን ነው ያደግነው። አይፈረድብንም፣ መስከረም ያምራል።

ነገር ግን መስከረም ላይ በዋናነት የሚታደሰው ሳሩና ሜዳው ነው። አደይ አበባን እዪ፣ ዛፍ አይደለም፣ የአንድ አመት ተክል ነው፣ ዘሩ መሬት ውስጥ ቆይቶ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል ያብባል ዘር ይጥላል ከዛ ይሞታል፣ በሚቀጥለው አመት የምታዪው ልጁን ነው እንጂ እሱን አይደለም። ዛፍ ግን የሚመለሰው ያው ራሱ ነው፣ በዛው ግንድ በዛው ስር፣ አምና ቅርንጫፉ የተሰበረበት ጠባሳም ሳይቀር። አንቺም የምትጠይቂኝ ስለሌላ ሰው አይደለም፣ በዚሁ በ33 አመት እድሜሽ በዚሁ ባሳለፍሽው ነገር ላይ ስለመለምለም ነው። ስለዚህ ምሳሌሽ ዛፍ መሆኑ ልክ ነው፣ አደይ አበባ ቢሆን ኖሮ አይሆንሽም ነበር።

እኛ ጋ ብዙ ዛፍ የሚታደሰው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው፣ ገና ዝናብ ጠብ ሳይል፣ ጣና ወደ ውስጥ ሸሽቶ ዳር ዳሩ ያለው ጭቃ ሲሰነጣጠቅ፣ አቧራው አይን ሲያጠፋ፣ ያኔ ነው። ኮርች አንድ ቅጠል ሳይኖረው ቀይ አበባ አውጥቶ ሜዳ ላይ የሚቆመው በዚሁ በደረቁ ወቅት ነው፣ የከተማችን ጃካራንዳ መንገዱን ሀምራዊ የሚያለብሰው በጋው ጫፍ ላይ ነው፣ ዋርካውም ለጋ ቅጠል ሲያወጣ ሰማዩ ላይ ዳመና የለም። እኔ መጀመሪያ ይሄን ልብ ብዬ ሳየው ገርሞኝ ነበር፣ ማለት ውሃ በሌለበት ወር አዲስ ቅጠል ማውጣት እብደት ነው የሚመስለው። ውሃውን ከየት አመጣው?

መልሱ ቅጠሉን በመጣሉ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል ምክንያቱም የምነግርሽ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ቅጠል ሲረግፍ ንፋስ የጣለው ይመስለናል። ንፋስ ያግዛል እንጂ የሚጥለው ዛፉ ራሱ ነው። ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ ከቅጠሉ ውስጥ የሚጠቅመውን ይሰበስባል፣ ከናይትሮጅኑ ግማሽ ያህሉን፣ ፎስፈረሱንም እንደዛው፣ ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይመልሰዋል። ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ አረንጓዴው እየፈረሰ ስለሚወሰድ። ብሳና ዛፍ ጠጋ ብለሽ ካየሽ ከአረንጓዴው መሀል አንድ አንድ ቅጠል ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል፣ እሱ በመሸኘት ላይ ያለ ቅጠል ነው። ከዛ የቅጠሉ እጀታ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ዛፉ ስስ ንጣፍ ይሰራል፣ በአንድ በኩል የሚላቀቅ፣ በቅርንጫፉ በኩል ደግሞ ቁስሉን የሚደፍን፣ ስለዚህ ቅጠሉ ሲወድቅ የወጣበት ቦታ ክፍት ሆኖ አይቀርም። አሁን ቅጠል ማለት ለዛፍ ምግብ ማብሰያው ብቻ አይደለም፣ ውሃውም የሚወጣው በዛ ነው፣ በበጋ ፀሀይ ቅጠል ይዞ መቆም ማለት በር ከፍቶ ውሃ እንደማፍሰስ ነው። ቅጠሉ ሲወድቅ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ስሩ ከታች፣ ከጥልቁ አፈር የቀረችውን እርጥበት መሳብ አያቆምም፣ የሚሳበው ውሃ ግን አሁን መውጫ የለውም፣ ግንዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ውጪውን ስታዪው ማገዶ ነው፣ ውስጡ ግን በዛ እርቃኑን በቆመባቸው ሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየሞላ ነው፣ ሲሞላ እምቡጦቹ ያብጣሉ ይፈነዳሉ። አዲሱን ቅጠል ያመጣው የአሮጌው መርገፍ ነው።

ሰአቱን የሚነግረው ደግሞ የቀን ርዝመት ነው። ባህርዳር ላይ በታህሳስ አጭሩ ቀንና በሰኔ ረጅሙ ቀን መሀል ያለው ልዩነት 1 ሰአት ከ20 ደቂቃ አካባቢ ብቻ ነው፣ ስቶክሆልም ብትሄጂ ከ12 ሰአት በላይ ነው። እኛ ቀኑ መርዘሙ እንኳን አይታወቀንም። በሞቃት አገር ያሉ ብዙ ዛፎች ግን ግማሽ ሰአት የማይሞላ ለውጥ ይበቃቸዋል፣ ያችን ቆጥረው ነው ዝናብ ሳይጠብቁ የሚነሱት።

እምቡጡም ቢሆን ያኔ የተሰራ አይደለም። እያንዳንዱ ቅጠል ከመነሻው ብብቱ ስር ትንሽ እምቡጥ ይዞ ነው የሚያድገው፣ ቅጠሉ ለምልሞ እያለ እምቡጧ እዛው አለች፣ አትታይም፣ ቅጠሉ ስላለ ዝም ብላ ትቀመጣለች። በምስራቅ ጃቫ፣ ኢንዶኔዥያ ማለት ነው፣ አፕል የሚያመርቱ ገበሬዎች አሉ፣ አፕል ደግሞ የብርድ አገር ዛፍ ስለሆነ ለመንቃት ብዙ መቶ ሰአት ብርድ ይፈልጋል፣ እዛ ግን ብርድ የለም። ምን ያደርጋሉ መሰለሽ፣ ምርቱን ከለቀሙ በኋላ የዛፉን ቅጠል አንድ ባንድ በእጃቸው ያራግፉታል። እምቡጡ ይነቃል፣ ያብባል። ይሄን ስማር ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ክረምት ላይ ንፋስ የሰበረው ቅርንጫፍ፣ በቅርፊቱ ብቻ ተንጠልጥሎ የቀረ፣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቅጠሉ ይደርቃል ግን አይረግፍም። ሌላው ዛፍ ቅጠሉን ጥሎ እንደገና ለምልሞ እንኳን እሱ ያንኑ የደረቀ ቅጠል ይዞ ይንኮሻኮሻል። ምክንያቱም ያ ስስ ንጣፍ የሚሰራው በህያው ሴል ነው፣ ማራገፍ ህይወት ይፈልጋል፣ የሞተ ነገር ማራገፍ አይችልም። ለዚህ ነው ሰው እርቃኑን የቆመ ዛፍ አይቶ "ሞቷል" ሲል የምደነግጠው፣ ሙልጭ ብሎ መርገፉ ራሱ የህይወቱ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ያንቺን ጉዳይ ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ ይሄ ነው። ትዳርሽ ውስጥ ምን እንደነበረ አላውቅም፣ አልጠይቅሽምም። ግን ከዛ ቤት ወጥተሽ እቃሽን ይዘሽ እናትሽ ጋ ተመልሰሽ መጥተሻል፣ ያ ቀላል ስራ አይደለም፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ብትሆኚ ኖሮ የደረቀውን ይዘሽ እዛው ተንጠልጥለሽ ትቀሪ ነበር። "7 ወር ሙሉ ምንም አልሰራሁም" ያልሽውንም አልተቀበልኩትም። ዛፉም በጥርና በየካቲት ምንም አልሰራም ብለሽ ነው ውሃ የምታጠጪው። ከዛ ቤት ደግሞ ይዘሽው የወጣሽው ነገር ይኖራል፣ የተማርሽው፣ የለመድሽው፣ ምን እንደማትፈልጊ ማወቁም ጭምር፣ እሱን ከትዳሩ ጋር አብረሽ አትጣዪው። ቅጠሉ ይውደቅ፣ ናይትሮጅኑ ግን ያንቺ ነው።

አሁን ደግሞ ዘጌ ልውሰድሽ። ከባህርዳር በጀልባ ቅርብ ነው፣ መቼም በልጅነትሽ ሄደሻል። አባቶች ሲናገሩ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሶስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይባላል፣ በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማሰማራትም በዛ ምድር ላይ ክልክል ሆኖ ስለኖረ ነው ደኑ እስከዛሬ የቆየው። ህዝቡ በቡናና በጌሾ ነው የኖረው። ቡናው ከነብርብራውና ከነዋንዛው ጥላ ስር ነው የሚያድገው።

እናቴ በ2008 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ ብዙ ወር ሰው ማየት አስጠልቶኝ ነበር። መስክ ውጣ ሲሉኝ ሰበብ እፈጥራለሁ። መጋቢት ላይ ግን የግድ ሆኖ ለስራ ዘጌ ተሻገርኩ። ቡናው አሳዘነኝ፣ ቅጠሉ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ተጠቅልሏል፣ አቧራ ለብሷል። አንድ ገበሬ አጠገቤ ቆመው ቅርንጫፏን ገልበጥ አድርገው አሳዩኝ፣ በቅጠሎቹ ስር በየአንጓው ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያክሉ አረንጓዴ እምቡጦች ተደርድረዋል፣ ተጣብቀው፣ ጭፍን ብለው። "ሲጠማ ነው የሚያብበው" አሉኝ። ነገሩን በመፅሀፍ አውቀው ነበር፣ የቡና እምቡጥ የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዛ ወደፊት የሚሄደው በድርቅ ከቆየ በኋላ ዝናብ ሲያገኝ ነው። ሳይጠማ አመቱን ሙሉ ውሃ የሚጠጣ ቡና አበባው አንዴ እዚህ አንዴ እዛ እየሆነ ይበታተናል። በመፅሀፍ ማወቅና እምቡጧን በጣት ነክቶ ማወቅ ግን አንድ አይደለም። በዛው ሳምንት አንድ ማታ ዝናብ ጣለ፣ በ10ኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ፣ ከጀልባው ሳልወርድ ሽታው ነው የተቀበለኝ። ደኑ ውስጥ ስትገቢ ነጭ ነው፣ በየቅርንጫፉ ላይ ጥጥ የጠቀለሉበት ይመስላል፣ ንቡ ደግሞ ጆሮ አያሰማም። ሁለት ሶስት ቀን ነው የሚቆየው ከዛ ይረግፋል። እዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይሄን ስነግርሽ መከራ ጥሩ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ እሱን የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ጥማቱ ከልኩ ሲያልፍ ቡናው ይሞታል፣ አይቻለሁ፣ ሙሉ ጓሮ ሲደርቅ አይቻለሁ። ዝናቡም መምጣት ነበረበት። ላንቺ ዝናቡ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ እናትሽ ትሆናለች፣ አንድ የድሮ ጓደኛሽ ትሆናለች፣ ስራ ይሆናል፣ ፀሎት ይሆናል። ብቻ ሲመጣ በር አትዝጊበት። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሀሳብ ከመጣብሽ ግን የዛፍ ምሳሌ አይበቃሽም፣ የአእምሮ ጤና ሀኪም ጋ ሂጂ፣ ዛሬ ነገ አትበይ። ዛፍ ሲታመም ባለሙያ ይጠራለታል፣ ሰው ሲሆን ለምንድነው የምናፍረው?

ሌላው የምፈራልሽ ነገር ጥድፊያው ነው። ለምለም ሁሉ መታደስ አይደለም። ጣናን ወጥሮ የያዘውን እምቦጭ እዪ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅለው ከረመ፣ እሱም እኮ አረንጓዴ ነው፣ አበባውም እንደ ጃካራንዳሽ ሀምራዊ ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ከስሩ ያለው ውሃ ግን አየር እያጠረው ነው፣ አሳው ይሸሻል። ሰዎች ቶሎ ሌላ ሰው አግቢ፣ ቶሎ ቢዝነስ ክፈቺ፣ ቶሎ ሳቂ ሲሉሽ ይሄ ይታወስሽ፣ ጃካራንዳሽ እንደዛ አይፈጥንም፣ አባትሽም የተከለው ዛፍ ነው እንጂ እምቦጭ አይደለም።

ቅጠሉ የወጣ ቀን ደግሞ ሁሉም ያለቀ እንዳይመስልሽ። ማንጎ ግቢያችሁ ውስጥ ወይ ጎረቤት ጋ አይጠፋም፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ልብ ብለሽ እዪው፣ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ፣ ልስልስ ብሎ፣ የታመመ ይመስል ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው የሚወጣው፣ አረንጓዴ ሆኖ ለመጠንከር ሳምንታት ይፈጅበታል። በዛ ሰአት ቅጠሉ ለዛፉ ምግብ አይሰጥም፣ ይበላል እንጂ፣ ዛፉ ግንዱና ስሩ ውስጥ ያስቀመጠውን ስታርች አውጥቶ ነው የሚያሳድገው፣ ስለዚህ ከውጪ ስታዪው ያማረበት ሰአት ከውስጥ ስንቁ የተሟጠጠበት ሰአት ነው። ለጋ ቅጠል ያወጣን ዛፍ አንገርዝም፣ ነቅለን ሌላ ቦታ አንተክልም። አንቺም መጀመሪያ ደህና የሆንሽ የመሰለሽ ሳምንት ላይ ትልቅ ነገር አትሸከሚ፣ ማታ ላይ ድንገት ብታለቅሺም ወደ ኋላ ተመለስኩ አትበይ።

ጠባሳውስ ይጠፋል ወይ ካልሽኝ አይጠፋም። አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ የዛፍ ተመራማሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በቁመታቸው እየሰነጠቀ ያየው ነገር፣ የዛፍ ቁስል እንደኛ ቆዳ ተመልሶ እንደማይድን ነው። ዛፉ ቁስሉን ዙሪያውን ያጥረዋል፣ እንዳይስፋፋ ይገድበዋል፣ ከዛ በላዩ ላይ አዲስ እንጨት እየደረበ ይቀጥላል። ግንዱ ውስጥ ቁስሉ እድሜ ልኩን አለ፣ ዛፉም እድሜ ልኩን ያድጋል።

በቃ አሁን ወደ ዛፍሽ ልመለስ። በየቀኑ የምታጠጪውን አቁሚ፣ ይሄን ለመንገር ነው የቸኮልኩት። ቅጠል የሌለው ዛፍ ብዙ ውሃ አይጠጣም፣ አፈራችሁ ደግሞ ዋልካ ከሆነ፣ ባህርዳር ላይ ብዙ ቦታ ነው፣ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል፣ ስሩ አየር ያጣና መበስበስ ይጀምራል። በፍቅር ነው የምታጠጪው አውቃለሁ፣ የአባትሽ ዛፍ ስለሆነ፣ ግን እያሰመጥሽው ነው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቺ፣ እርጥብ ከሆነ አትንኪው። ከደረቀ በሁለት ሳምንት አንዴ በደንብ አጠጪው፣ ግንዱ ስር ሳይሆን ቅርንጫፎቹ በሚያበቁበት ዙሪያ ላይ፣ ጠጪው ስር እዛ ነው ያለው። ዩሪያ ምናምን አሁን አትጨምሪበት። የረገፈውን ቅጠል ጠርገሽ አታቃጥዪው፣ እዛው ዙሪያው ላይ አልብሺው፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጊው።

ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ የቅርንጫፎቹን ጫፍ እዪ፣ ቅጠል አይደለም ቀድሞ የሚመጣው፣ ሀምራዊ እምቡጥ ነው፣ ዘለላ ዘለላ ሆኖ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ምንም ካላየሽና ስትፍቂው እስከ ግንዱ ድረስ ቡናማ ከሆነ ያኔ ፃፊልኝ፣ መጥቼ አየዋለሁ፣ ሳላየው ግን መጥረቢያ እንዳይነካው። ዛሬ ማታ ፀሀይ ሳይገባ ግን እናትሽን ጥሪያትና አብራችሁ አንዷን ቅርንጫፍ ፋቁ፣ ጥፍሩ የሷ ይሁን፣ አረንጓዴውን መጀመሪያ እሷ ትየው።